ባለክንፉ ወይስ ባለስምንት ማዕዘኑ? የአንድ ኤምጂቢ መኪና የቸርኬ ዳዶዎች ጉዳይ

ባለመኪናው ካርቶኑን ከመሥሪያ ጠረጴዛዬ ላይ ሲያሳርፉት ጠረጴዛው ተንቋቋ። ውስጡ በጋዜጣ የተጠቀለሉ አራት ነገሮች ነበሩ። አንዱን ፈትተው ሰጡኝ። ክሮሙ የደበዘዘ፣ ሁለት ክንፉን ግራና ቀኝ የዘረጋ፣ መዳፍ የሚሞላ ትልቅ ዳዶ ነው።

«የመኪናዬ ትክክለኛ ዳዶዎች እነዚህ ናቸው» አሉኝ። «አሁን የታሠሩባት ባለስምንት ማዕዘን ዳዶዎች አሜሪካኖች ያገኙትን ለጥፈውባት ነው። አውጣልኝና እነዚህን ግጠምልኝ።»

ሰውዬው ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። ማስረጃ ምን እንደሆነ ለተማሪ ሲያስረዱ ዕድሜያቸውን የፈጁ ሰው እንዲህ ቆርጠው ሲናገሩ መጠራጠር አይመችም። እኔም አልተጠራጠርኩም። የምሠራው በእንግሊዝ አገር ሚድላንድስ ውስጥ፣ የድሮ የእንግሊዝ የስፖርት መኪኖችን በምታድስ አነስተኛ ጋራዥ ነው። እዚህ ያየኋቸው የሽቦ ቸርኬ ያላቸው የዚያ ዘመን ኤምጂቢዎች ሁሉ ማለት ይቻላል ባለክንፍ ዳዶ አላቸው። ስለዚህ ጥያቄው ገና ሳይጠየቅ መልሱ ያለ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ የሆነውን እንዳለ እጽፋለሁ፤ የራሴን ስህተት ጨምሮ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መኪናዋ ጣሪያዋ የሚገለጥ ባለሁለት መቀመጫ ኤምጂቢ ናት። ኤምጂቢ ከ1962 እስከ 1980 ከኦክስፎርድ ብዙም በማትርቀው በአቢንግደን ከተማ ተሠራ። ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ነው የተመረተው፤ ከዚያ ውስጥ ከግማሽ የሚበልጠው ባሕር ተሻግሮ አሜሪካ ገባ። በካሊፎርኒያ ደረቅ አየር ላሜራው ሳይዝግ የቆየው መኪና አሁን ወደ እንግሊዝ ተመልሶ ይሸጣል። ይህችም ከተመላሾቹ አንዷ ናት። መሪዋ በግራ ነው። ጥቁር አረንጓዴ ቀለም ተቀብታለች። ባለቤቷ በክረምቱ አሳድሰው በበጋው ወደ አንድ የጥንታዊ መኪኖች ትርዒት ሊወስዷት አስበዋል። እዚያ ዳኞች ወረቀት ይዘው እየዞሩ ኦሪጅናል ላልሆነ ዕቃ ነጥብ ይቀንሳሉ።

ስለ ቃላቱ ትንሽ ልበል። ጋራዥ ያደገ ሰው ቸርኬ፣ ዳዶ፣ ብሎን፣ ሞዞ ሲል ጣሊያንኛ እየተናገረ እንደሆነ አያውቀውም፤ እኔም እዚህ አገር መጥቼ አንድ ጣሊያናዊ ባልደረባ እስኪስቅብኝ ድረስ አላወቅኩም ነበር። ሞዞ የምለው ቸርኬው የሚሰካበትን፣ ከጎማው ጋር አብሮ የሚዞረውን እምብርት ነው። በነዚህ መኪኖች የዚያ እምብርት አሸፋፈን እንደ ቸርኬው ዓይነት ይለያያል። የላሜራ ቸርኬ ከሆነ በአራት ብሎን ይታሰርና ብሎኖቹን የተደፋ ሳህን የመሰለች የክሮም ክዳን ትሸፍናቸዋለች፤ ክዳኗ ለውበት ብቻ ናት፣ ብትወድቅም ጎማው አይወልቅም። የሽቦ ቸርኬ ከሆነ ግን ብሎን የሚባል ነገር የለም። ቸርኬው ሽንሽን ባለው ሞዞ ላይ ይንሸራተትና ከፊቱ አንድ ትልቅ ዳዶ ይይዘዋል። ያ ዳዶ ክዳንም ነው፣ ማሰሪያም ነው፣ ጌጥም ነው። ከ1969 መገባደጃ ጀምሮ ደግሞ ሩበሪ ኦወን የተባለው ኩባንያ የሠራው ሮስታይል ቸርኬ የላሜራውን ተክቶ መጣ፤ የኛ መኪና በመጋቢት ወር 1969 ስለተሠራች እሱ አይመለከታትም።

መምህሩ ከካርቶኑ ሌላ አንድ ፖስታ ይዘው ነበር። መኪናዋን ከአሜሪካ ሲገዙ ከወረቀቶቿ ጋር የመጣ ፎቶግራፍ አለበት፤ ጥቁርና ነጭ፣ ጥጉ የታጠፈ። አንድ ቤት ደጃፍ የቆመች ኤምጂቢ፣ አጠገቧ ፀሐይ ዓይኑን ያስጨፈነው ጎረምሳ። የፊት ጎማዋ ላይ ሁለቱ ክንፎች ወለል ብለው ይታያሉ። ጀርባው ላይ በእርሳስ «መኪናችን» ተብሎ ተጽፏል።

«ሌላ ምን ማስረጃ ትፈልጋለህ?» አሉኝ።

ምንም አልፈለግኩም። አራቱን ባለክንፍ ዳዶዎች በዚያው ሳምንት ወደ ክሮም ነካሪ ላክኋቸው። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው ከሠራሁት ሁሉ የከፋው ይህ ነው። ክሮም የሚነከር ዕቃ አስቀድሞ ይፋቃል፣ ይለሰልሳል፤ አሮጌው ገጽ አብሮት ይሄዳል። የመዶሻ ምልክት፣ የቀለም ብናኝ፣ የዝገት ቀለበት፣ ዕቃው የት እንደኖረ የሚናገረው ሁሉ ይጠፋል። ምስክሩን ሳልጠይቅ አጥቤ አለበስኩት።

ዳዶዎቹ ከሦስት ሳምንት በኋላ እንደ መስታወት ሆነው ተመለሱ። ባለስምንት ማዕዘኖቹን ፈትቼ አንድ ባልዲ ውስጥ ወረወርኳቸውና በግራ በኩል ካለው የፊት ጎማ ጀመርኩ።

ይህ ሥራ ደስ ይለኛል። የባለክንፍ ዳዶ ፊት ላይ ቀስትና ጽሑፍ አለ፤ ለየትኛው ጎን እንደሆነና ወደየት ሲመታ እንደሚፈታ ይናገራል። መፍቻውን የሚያመለክተው የእንግሊዝኛ ቃል ሲነበብ «አንዱ» ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ባየሁት ቁጥር «አንዱስ ይኸው፣ ሌላውሳ?» እያልኩ ለብቻዬ እስቅ ነበር። ከዚያ ቀጥሎ ለግራው «ግራ» ተብሎ በቅንፍ «ቅርብ ጎን»፣ ለቀኙ «ቀኝ» ተብሎ በቅንፍ «ሩቅ ጎን» ይላል። ቅርብና ሩቅ ማለት ከፈረስ ዘመን የተወረሰ የእንግሊዞች አነጋገር ነው።

ግራና ቀኝ የተለየበት ምክንያት ለጌጥ አይደለም። በመኪናው ግራ በኩል ያለው ሞዞ ጥርሱ እንደ ማንኛውም ብሎን ወደ ቀኝ ሲዞር የሚጠብቅ ነው፤ በቀኝ በኩል ያለው ግን ተገላቢጦሽ ነው። መኪናው ወደፊት ሲሄድ በቸርኬውና በዳዶው መካከል ያለችው ከዓይን የምትሰወር ልቅነት ዳዶውን ጎማው ከሚዞርበት አቅጣጫ በተቃራኒ ትገፋዋለች። ጥርሱ በዚህ መልክ ስለተቆረጠ መገፋቱ ያጠብቀዋል እንጂ አያላላውም። ስለዚህ በሁለቱም ጎን ዳዶው የሚፈታው ጎማው ወደፊት በሚዞርበት አቅጣጫ ሲመታ ነው። ሞዞዎቹን ሳያስተውል ግራውን ቀኝ፣ ቀኙን ግራ ያደረገ መካኒክ ጎማው ራሱን በራሱ እየፈታ የሚሄድ መኪና ሠራ ማለት ነው።

የግራ ፊቱን በእጄ አዙሬ እስኪያልቅ አስገባሁት፣ በመዳብ መዶሻ ክንፉን ሦስት ጊዜ መታሁት፤ ድምፁ ከድፍን ወደ ጥርት ያለ ሲቀየር ጠብቋል ማለት ነው። የግራ ኋላው እንዲሁ። የቀኝ ፊቱ እንዲሁ። የቀኝ ኋላው ላይ ስደርስ ዳዶው ግማሽ ዙር ሄዶ ቆመ።

መልሼ አወጣሁት፣ ጥርሱን በጨርቅ ጠረግሁ፣ ዘይት ቀባሁ፣ እንደገና ሞከርኩ። ግማሽ ዙር። ክሮሙ ጥርሱ ውስጥ ገብቶ ይሆናል ብዬ በሽቦ ብሩሽ ፈተግሁት። ግማሽ ዙር። እዚህ ላይ መዶሻ ያነሳ ሰው ሞዞውን ገደለው። እኔም እጄ ወደ መዶሻው ሄዶ ነበር፤ እግዜር ያሳያችሁ።

ያኔ ጋሼ ትዝ አሉኝ። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያሠለጠኑኝ አለቃዬ አሮጌ ዳዶ ሲገዙ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ጥርሱን ሳይዳብሱ ገንዘብ አያወጡም ነበር። ሻጩ ምን ቢምል፣ ዕቃው ምን ቢያብረቀርቅ። «ይህ ልጅ ዓይኑን ያምናል» ብለው ለሰው ይነግሩብኝ ነበር፤ ሙገሳ አልነበረም።

ጥፍሬን ሰድጄ ጥርሱን ዳበስኩት። ከዚያ ከፊት የገጠምኩትን ፈትቼ እሱንም ዳበስኩ። ልዩነቱ ለጥፍር የሚታወቅ ነው። ማስመሪያ አምጥቼ ቆጠርኩ፦ በሦስቱ በአንድ ኢንች ርዝመት ውስጥ 8 ጥርስ፣ በአራተኛው 12። ማለትም በአንዱ ከጥርስ እስከ ጥርስ 3.2 ሚሊሜትር ገደማ፣ በሌላው 2.1 ገደማ። ሊገጣጠሙ አይችሉም።

ኤምጂቢን የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ፈገግ ይላል። መኪናው በዘመኑ ሁለት ዓይነት የኋላ ዲፈረንሻል፣ ማለትም የሞተሩን ኃይል ለኋላ ጎማዎች የሚያካፍል ክፍል፣ ነበረው። የመጀመሪያው ቅርጹ ባንጆ የሚሉትን የሙዚቃ መሣሪያ ስለሚመስል በዚያው ስም ይጠራል፤ ያንን የያዙ መኪኖች የሽቦ ቸርኬ ዳዶዎች ባለ 12 ጥርስ ናቸው። ሁለተኛው ቱቦ መሳዩ የሳልስበሪ ዲፈረንሻል ነው፤ ጣሪያው ድፍን በሆነው ጂቲ ላይ በ1965 ጀምሮ ክፍቱ ላይ በ1967 ደረሰ፣ ዳዶውም ባለ 8 ሆነ። የኛ መኪና የ1969 ናት። አራተኛው ዳዶ ከዚህች መኪና ሞዞ ላይ አንድ ቀን እንኳን አልታሰረም፤ ሊታሰርም አይችልም።

ለመምህሩ ደወልኩ። «አራቱንም ከአንድ መኪና ላይ የፈታኋቸው ናቸው ብሎ ነው የሸጠልኝ» አሉ ሻጩን። ዝም ተባባልን።

አንዱ ከዋሸ ሌሎቹም በፊት እንደነበራቸው አይታመኑም። ሥራውን አቁሜ ጉዳዩን ከሥሩ መጀመር ነበረብኝ፤ ከሥሩ ሲጀመር ደግሞ የመጀመሪያው ጥያቄ ባለክንፍ ወይስ ባለማዕዘን የሚለው አይደለም። መኪናዋ ስትወለድ የሽቦ ቸርኬ ነበራት ወይ? ከላሜራ ቸርኬና ከክሮም ክዳን ወደ ሽቦ የተለወጡ ብዙ ናቸው። እንደዚያ ከሆነ ሁለቱም ዓይነት ዳዶዎች እንግዳ ናቸው፤ መምህሩ መፈለግ ያለባቸው የተደፋውን ሳህን ነው።

ይህንን መኪናው ራሱ ይናገራል፤ ከሥሩ መግባት ብቻ ነው። ኋላ የተለወጠ መኪና አብዛኛውን ጊዜ በድሮዎቹ አራት ብሎኖች ላይ የተደረበ ሽንሽን ያለው ማገናኛ አለው፤ ብሎኖቹም ከቸርኬው ጋር እንዳይጋጩ ተቆርጠው ይገኛሉ። ከዚህም ሌላ ፋብሪካው ለሽቦ ቸርኬ የሚገጥመው ዲፈረንሻል ለላሜራው ከሚገጥመው ጠበብ ያለ ነው፤ የሽንሽኑ ሞዞ ወደ ውጭ ስለሚወጣ ጎማው ከጭቃ መከላከያው ጋር እንዳይፋተግ። ቸርኬዎቹን ሁሉ አወለቅኩ። የተደረበ ማገናኛ የለም፣ የተቆረጠ ብሎን የለም፣ ዲፈረንሻሉም ጠባቡ ነው። መኪናዋ ባለ 14 ኢንች፣ ባለ 60 ሽቦ ቸርኬዎቿን ይዛ ነው የተወለደችው።

የቀረውን ከመዝገብ ጠየቅን። በዎሪክሸር ጌይደን የሚገኘው የብሪታንያ የሞተር ሙዚየም የአቢንግደን ፋብሪካ የምርት መዝገቦችን ይዟል፤ ለጠየቀና ለከፈለ ባለመኪና ከመዝገቡ ተቀድቶ የምስክር ወረቀት ይጻፍለታል። ወረቀቱ ሲመጣ መምህሩ ጋራዡ ድረስ ይዘውት መጡ፤ ቆመው አነበቡልኝ። መጋቢት 1969፣ መሪ በግራ፣ መድረሻ ሰሜን አሜሪካ፣ የሽቦ ቸርኬ፣ ቀለም ፈዛዛ ቢጫ። ስለ ዳዶው አንድም ቃል የለም። ቅር አላቸው። እኔ ግን «ሰሜን አሜሪካ» ከሚለው ላይ ዓይኔን መንቀል አልቻልኩም፤ አስቀድሜ ልጠይቀው ሲገባ ያልጠየቅኩት ነገር እሱ ነበር።

በሴፕቴምበር 1966 ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የትራፊክና የተሽከርካሪ ደኅንነት ሕግን ፈረሙ። በዚያ ሕግ መሠረት የወጡት የመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ከጃንዋሪ 1 ቀን 1968 ጀምሮ በሚሠሩ መኪኖች ላይ ጸኑ። ከነሱ አንዱ ቁጥር 211 ነው። የሚናገረው ስለ ሦስት ነገሮች ነው፦ ስለ ቸርኬ ዳዶ፣ ስለ ቸርኬ ሳህንና ስለ ሞዞ ክዳን። የሚከለክለውም አንድ ነገር ነው፦ ክንፍ። መኪናው አጠገቡ ሲያልፍ በሚሽከረከር ብረት እግረኛና ብስክሌተኛ እንዳይቆረጥ። ልብ በሉ፣ ማሰሪያ የሆነውንም፣ ለጌጥ ብቻ ክንፍ የተለጠፈበትንም የላሜራ ክዳን አንድ ላይ ነው የጠቀለለው። ደረጃው በ1996 ተሰርዟል፤ ያ ግን ለ1969 መኪና ምንም አይለውጥም።

አቢንግደን ለዚህ የሰጠው መልስ ቀላል ነበር። ወደ አሜሪካ ለሚሄዱት መኪኖች ክንፉን ቆርጦ ዳዶውን ስምንት ማዕዘን አደረገው። ክንፍ ስለሌለው በመዶሻ በቀጥታ አይመታም፤ ማዕዘኖቹን የሚያቅፍ ቁልፍ ይደረግና ቁልፉ ይመታል። ለእንግሊዝ ገበያ የሚሠሩት ግን ባለክንፉን እንደያዙ ቀሩ። በአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ ወቅት፣ አንዱ መኪና ባለክንፍ ሌላው ባለማዕዘን ሆኖ ይወጣ ነበር፤ ሁለቱም ኦሪጅናል። ጃጓርም ኢ-ታይፕ የሚባለውን የስፖርት መኪናውን ወደዚያው ሲልክ ክንፉን አስቀርቷል። ስለዚህ እኔ በእንግሊዝ መንገድ ላይ ያየኋቸው ባለክንፍ ኤምጂቢዎች አልዋሹኝም። የሌላ አገር መኪና ሕግ ነው የነገሩኝ።

መምህሩ ወዲያው አልተሸነፉም። ማዕዘኑ ስምንት መሆኑ ራሱ ያጠራጥራቸው ነበር። የመኪናዋ ሠሪ የኤምጂ አርማ ስምንት ማዕዘን ነው፤ ስለዚህ ዳዶውን አንድ የአሜሪካ መለዋወጫ ነጋዴ አርማውን አስመስሎ ለሞኝ የሸጠው ጌጥ አድርገው ነበር የቆጠሩት። አልፈርድባቸውም፤ ብረቱ ሲታይ በእርግጥ የአርማው ወንድም ይመስላል። ከዚያ ደግሞ ፎቶግራፉን አወጡ። «ሕጉ ሕግ ነው» አሉ፣ «ግን መኪናዬ እዚህ ላይ ክንፍ አላት። ሕግ ፎቶግራፍ አይሽርም።»

ጥሩ መከራከሪያ ነው። ሕጉ የሚያስገድደው ሠሪውን እንጂ ባለቤቱን ስላልሆነ ማንም አሜሪካዊ ገዝቶ ባለክንፉን መግጠም ይችል ነበር፤ የገጠሙም አሉ። ፎቶግራፉን በማጉያ መነጽር ሥር አደረግሁላቸውና ጎማውን ትተው መስታወቱን እንዲያዩ ነገርኳቸው።

ረጅም ጊዜ አዩ። «ሁለት» አሉ በመጨረሻ።

የዝናብ መጥረጊያዎቹን ነው። በዚያ ዓመት ወደ አሜሪካ የተላኩት ክፍት ኤምጂቢዎች ሦስት መጥረጊያ አላቸው፤ የአሜሪካ ደንብ መጠረግ ያለበትን የመስታወት ስፋት ስለወሰነና ዝቅና ረዘም ላለው ለዚህ መስታወት ሁለቱ ስላልበቁት ነው። ከኛ ሦስት እርምጃ ርቃ የቆመችው አረንጓዴዋ መኪና ሦስት አላት፤ ሦስቱም ከሞተራቸውና ከማያያዣቸው ጋር የፋብሪካ ናቸው። የፎቶግራፏ መኪና ሁለት ናት። መልኳም የጠቆረ ነው፤ ፈዛዛ ቢጫ በጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ እንደዚያ አይጠቁርም። በአንድ ቤተሰብ ደጃፍ የቆመች ሌላ፣ ቀደም ያለች ኤምጂቢ ናት። ቤተሰቡ ኤምጂ ይወድ ነበር፤ «መኪናችን» የተባለችው ግን የመምህሩ መኪና አይደለችም።

መምህሩ መነጽሩን አስቀምጠው ሳቁ። «ለተማሪዎቼ ሠላሳ ዓመት የነገርኳቸው ይህንን ነበር» አሉ። ምን እንደሆነ አልነገሩኝም።

የቀረው ባልዲው ነበር። ሕጉ ይህች መኪና በባለስምንት ማዕዘን ዳዶ መወለዷን ይናገራል፤ ባልዲ ውስጥ ያሉት አራቱ እነዚያው መሆናቸውን ግን አይናገርም። ዛሬም አዲስ ባለስምንት ማዕዘን ዳዶ ተሠርቶ ይሸጣል። ስለዚህ አንድ በአንድ አወጣኋቸውና በዚህ ጊዜ ሳላጥባቸው አየኋቸው።

ጥርሳቸው ባለ 8 ነው፤ ሁለቱ የግራ፣ ሁለቱ የቀኝ። ማዕዘኖቻቸው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሳይሆን በሁለቱም ተሟሽሸዋል፤ ብዙ ጊዜ ተፈትተው ብዙ ጊዜ ታስረዋል ማለት ነው። አንዱ ላይ ቁልፉ ጠፍቶበት በመሮ የመታው ሰው ጠባሳ አለ። ክሮሙ በማዕዘኖቹ ጫፍ ላይ አልቆ ብረቱ ወጥቷል፤ በጉድጓዶቹ ግን አለ። አዲስ ዕቃን ለማስረጀት አሸዋ የሚነፉበት ሰዎች ይህንን መምሰል ይቸግራቸዋል፤ ሁሉንም እኩል ነው የሚያስረጁት።

ከሁሉ የበለጠውን ያገኘሁት ከዳዶው ወገብ ላይ፣ ማዕዘኑ ከክቡ ጋር በሚገናኝበት ጠባብ ጥግ ውስጥ ነው። የአረንጓዴ ቀለም ብናኝ። መኪናዋ ካሊፎርኒያ ውስጥ አረንጓዴ ስትቀባ ጎማዎቿን ያላወለቀ፣ በጋዜጣ ሸፍኖ የረጨ ሰው የተወው ነው። ብናኙን በመርፌ ጫፍ ቀስ አድርጌ ሳነሳው ከሥሩ ሌላ ቀለም ብቅ አለ፤ እንደ ቅቤ የፈዘዘ ቢጫ። ከአራቱ በሦስቱ ላይ አገኘሁት። የምስክር ወረቀቱ የተናገረው ቀለም ነው። ፋብሪካው ጎማ የሚገጥመው ቀለሙ ካለቀ በኋላ ስለሆነ ቢጫውም ብናኝ የፋብሪካ አይደለም። መኪናዋ ገና ቢጫ ሳለች የሆነ ቦታ ተጭራ የተጠጋገነችበት ነው። እንግዲህ ዳዶዎቹ መኪናዋ ቢጫ ሳለችም ላይዋ ነበሩ፣ አረንጓዴ ስትሆንም ላይዋ ነበሩ። ከአቢንግደን በር አብረው ለመውጣታቸው ከዚህ የቀረበ ምስክር ከአንድ ብረት አይጠበቅም።

መምህሩን ጠርቼ መርፌውን ሰጠኋቸው። ራሳቸው እንዲያዩት ፈልጌ ነው፤ እጃቸው ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ ግን አገኙት።

«ባለክንፉ ያምራል» አሉ ቀና ብለው።

ያምራል። ይህንን ልክድ አልችልም። የሽቦ ቸርኬ ያለ ክንፍ ሲታይ ሥራው ያላለቀ ነው የሚመስለው። በዚህ አገር መኪናቸውን ባለክንፍ አድርገው ቢነዱ ማንም አይከሳቸውም፤ ብዙዎች ከአሜሪካ የመጣችውን ኤምጂቢያቸውን መጀመሪያ የሚያደርጓት ይህንን ነው። ችግሩ ውበቱ አልነበረም። እሳቸው የጠየቁኝ የሚያምረውን ሳይሆን የነበረውን ነው፤ ዳኛ ፊት ይዘው የሚቀርቡትም በዚያ ስም ነው። አንድ ቀን ጊዜ ጠየቁኝ። በማግስቱ ደውለው «ማዕዘኖቹን ግጠም» አሉ፤ ከዚያም «አታብረቅርቃቸው» ብለው ጨመሩ።

አላብረቀረቅኳቸውም። በሞቀ ውሃና በለስላሳ ብሩሽ ጭቃውን ብቻ አነሳሁ፣ ጥርሳቸውንና ሽንሽኑን ቅባት ቀባሁ፣ በየጎናቸው መለስኳቸው። በቀኝ በኩል ባለው የፊት ዳዶ ጥግ ውስጥ ያለውን ብናኝ፣ አረንጓዴውንም ቢጫውንም፣ ሳልነካው ተውኩት። ከአራቱ ለመታሰር ቁልፍና መዶሻ ብቻ ሳይሆን ትዕግሥትም የጠየቀው የመሮ ጠባሳ ያለበት ነበር።

የገንዘቡ ነገር እንዲህ አለቀ። ዳዶዎቹ ሳይለኩ ወደ ክሮም የሄዱት በኔ ችኮላ ስለሆነ የክሮሙን ወጪ ግማሽ እኔ ቻልኩ። ሦስቱን ባለ 8 ጥርስ ባለክንፎች መምህሩ ወሰዷቸው፤ ሁለቱ የመጽሐፍ መደርደሪያቸው ላይ መጻሕፍት ደግፈው እንደቆሙ በኋላ ሻይ ሲጋብዙኝ አየሁ። ለሻጩ ደብዳቤ ጽፈውለት ነበር፤ እስካሁን አልመለሰም።

አራተኛው እኔ ጋ ነው፣ ጠረጴዛዬ ላይ፣ የደረሰኝ ወረቀት እንዳይበር ተጭኖበት። የቀኝ ጎን፣ ባለ 12 ጥርስ፣ ክሮሙ አዲስ። ከ1967 በፊት የተሠራ፣ ባንጆ ዲፈረንሻል ያለው ክፍት ኤምጂቢ ኖሮት አንድ ዳዶ የጎደለው ሰው ካለ ይምጣ። ማስመሪያ ይዞ።